ቅቤ የማትወጋው ሰንጢ

ይድረስ ለእትዬ፣

ሰላምታዬ እንደ ወጉ ይቅደም። እንዴት ከርመሻል? ልጅሽ እንዴት ናት? ፈተናዋን ጨረሰች? ያ የሚያፈሰው ጣሪያስ ተደፈነልሽ ወይስ አሁንም ባልዲ ደቅነሽ ነው የምትውዪው? እኔ ደህና ነኝ። ንዴቴም ደህና ነው፤ ከእኔ ጋር ይበላል፣ ከእኔ ጋር ይጠጣል፣ ጠዋት ጠዋት ከእኔ ቀድሞ ይነሳል። አብረን መኖር ከጀመርን ይኸው አሥራ ሁለት ቀናችን ነው።

ደብዳቤ የምጽፈው ስልክ ስለማታነሺ ነው። ዘጠኝ ጊዜ ደውያለሁ። በሰባተኛው ልጅሽ አነሳችና «እማዬ ተኝታለች» አለችኝ፤ ከኋላዋ ደግሞ አንቺ «ወጥታለች በያት» ስትዪ ቁልጭ ብሎ ይሰማኛል። የምትዋሹኝ ከሆነ እንኳ መጀመሪያ ተስማሙና ዋሹኝ እንጂ! ስልኩን የዘጋሁት እኔ ነኝ፤ ልጅቷ አሳዘነችኝ።

ወረቀት ደግሞ ጥሩ ነገር አለው፤ አቋርጠሽኝ መናገር አትችዪም። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ አንድ ዓረፍተ ነገር አስጨርሰሽኝ አታውቂም። ዛሬ እጨርሳለሁ።

በሰንጢዋ ልጀምር። ነገሩ ሁሉ የተለጠፈው በእሷ ላይ ነውና።

በጨርቅ ፋብሪካችን ቦንዳ መፍቻ ክፍል ውስጥ ስምንት ሴቶች ነን፤ ነበርን ልበል እንጂ። ለስምንታችን የተሰጠን አንድ መቀስ ነው፤ እሱም እንዳይጠፋ በሰንሰለት ከጠረጴዛው እግር ጋር ታስሯል። ቦንዳው የሚወርደው በር አጠገብ፣ መቀሱ የታሰረው መስኮቱ ሥር። አንድ ቦንዳ ስድስት የፕላስቲክ ማሰሪያ አለው፤ ያ ማሰሪያ እንደሆነ ጅማት በይው። በቁልፍ ጫፍ፣ በጥፍር፣ አንዳንዴም በጥርስ ስንፈታው ነው የከረምነው። ይህን የምነግርሽ የማታውቂው ሆኖ አይደለም። የፈረቃው ኃላፊ አንቺ ነሽ። ሰንሰለቱንም ያስገዛሽው አንቺ ነሽ።

ስለዚህ የራሴን ገዛሁ። መጀመሪያ መንገድ ዳር ላስቲክ ዘርግቶ ከሚሸጠው ሰውዬ አንዲት ቀይ እጀታ ያላት ወሰድኩ። ስታምር! በሁለተኛው ሳምንት ማሰሪያ ስገፋባት ድንገት ወደ ኋላ ተመለሰችና ጣቴ ላይ ታጠፈች። ስትከፈት ቀጥ አድርጎ የሚይዛት መቀርቀሪያ እንደሌላት ያወቅኩት ደሜ ጨርቁ ላይ ሲንጠባጠብ ነው። አራት ቦታ ተሰፋሁ። ክሊኒክ የወሰድሽኝ አንቺ ነሽ፤ መንገዱን ሙሉ ስትሰድቢኝ፣ በእጅሽ ደግሞ የቆሰለውን እጄን ከፍ አድርገሽ እንደያዝሽልኝ።

ከዚያ ትምህርት ያገኘሁ መስሎኝ ያንን አሥራ አንድ ነገር ያለበትን ገዛሁ። መቀስ አለው፣ ቆርቆሮ መክፈቻ አለው፣ ብሎን መፍቻ አለው፣ የጥርስ መጎርጎሪያ ሳይቀር አለው። የሌለው ነገር ቢኖር ሲፈልጉት ቶሎ የሚወጣ ስለት ነው። ስለቱን ስጎትት መፍቻው ይወጣል፣ መፍቻውን ስመልስ ቆርቆሮ መክፈቻው ብቅ ይላል፤ እኔ እዚያ ጥፍሬን ስሰብር ቦንዳው ተገትሮ ያየኛል። ክብደቱም የጋውኔን ኪስ ቀደደው። አንቺ አይተሽው «መኪና ነው እንዴ የገዛሽው? መሪው የታለ?» ብለሽ ክፍሉን በሙሉ አሳቅሽብኝ። እኔም ስቄያለሁ፤ አልክድም።

ሦስተኛዋን ስገዛ ግን አብረሽኝ ነበርሽ። እዚህ ላይ ልብ ብለሽ አንብቢኝ።

ጋሽ ሞረድ ጋ ሄድን። ከጫማ ሰፊው ጎን ባለችው ጠባብ ክፍል መቀስና ቢላ የሚስሉት ሽማግሌ፤ ትክክለኛ ስማቸውን ማንም ጠርቶት አያውቅም፤ እሳቸውም ጋሽ ሞረድ ሲባሉ ነው «አቤት» የሚሉት። ቢላ ይስላሉ፣ አንዳንድም ይሸጣሉ። ሰንጢ ፈልጌ ነው ስላቸው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው «ለዓይንሽ ነው ለእጅሽ?» አሉኝ። ለእጄ አልኳቸው። «እንግዲያው እጅሽን አምጪ» ብለው መዳፌን ገልብጠው አዩት፤ ጠባሳውንም አዩና ምንም ሳይጠይቁኝ «ሃ፣ መቀርቀሪያ አልነበራትም» አሉ።

ከመስታወቱ ሥር አንዲት የምታብረቀርቅ ውድ ነገር ሳነሳ ከእጄ ቀምተው መለሷት። «ይቺን የምትከፍይባት ለጌጧ ነው። አንቺ ላስቲክ ነው የምትቆርጪባት፤ ሰርግ አትሄጂባትም» አሉኝ። ከዚያ ከመሳቢያ ውስጥ ያቺን ጥቁሯን አወጡ። ስለቷ የቀለበት ጣቴን ያክላል። እጀታዋ ሸካራ ነው፤ እጅ ቢያልበውም አያንሸራትትም። ስለቷ ላይ አውራ ጣት የሚገባበት ክብ ቀዳዳ አለ፤ በእሱ ገፋ ሲያደርጓት በአንድ እጅ ትከፈታለች። ከፈቷትና የስለቷን ጀርባ በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ መታ፣ መታ አደረጉት። ንቅንቅ አላለችም። «ብረቷ ተራ ነው፤ አልዋሽሽም» አሉኝ። «እርጥብ ካስቀመጥሻት ትዝጋለች። ግን በየወሩ አምጪልኝ፤ ሁለት ደቂቃ ብስላት ጢም ትላጫለች።»

ቀጥለው የጠየቁኝን ታስታውሻለሽ? «ብቻሽን ነው የምትሠሪው ወይስ ሰው መሐል?» አሉኝ። ሰባት ሴቶች መሐል ነው አልኳቸው። ያን ጊዜ ነው ሹል ጫፍ ያላትን ወደ ጎን ገፍተው ይቺን ያስያዙኝ። የስለቷ አፍንጫ እንደ አውራ ጣት ጫፍ ክብ፣ ድምቡል ያለ ነው። «ትቆርጣለች እንጂ አትወጋም። ብትስቺ፣ ብትደናገጪ፣ ሰው ቢገፋሽ ማንም ውስጥ አትገባም» አሉ።

አንቺ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ በሩን ተደግፈሽ ሰዓትሽን ታዪ ነበር። መጥተሽ ከእጄ ወሰድሻት። ጫፏን መዳፍሽ ላይ ጫን፣ ጫን አደረግሽና «ኧረ ይቺ ቅቤም አትወጋ!» ብለሽ ከት ብለሽ ሳቅሽ። ጋሽ ሞረድም ሳቁ። ዋጋዋን ሲነግሩን ደግሞ «ከጃንጥላዬ ረከሰች» አልሽ። ያ ጫፏን የሞከርሽበት እጅ እና በእኔ ላይ የቀረበውን ወረቀት የፈረምሽበት እጅ አንድ እጅ ነው እትዬ። ቀኝ እጅሽ።

ሁለት ዓመት ከኪሴ አልተለየችም። ደንቡ የት ነበር ያኔ? «ስለት ይዞ መግባት ክልክል ነው» የሚለው ወረቀት በሩ ላይ ተለጥፎ በሥሩ ስናልፍ፣ ጥበቃው ራሱ የምሳ ዕቃው ክዳን ሲጠብቅበት «እስኪ ያቺን ነገርሽን» ይለኝ አልነበረም? አንቺስ? ብርቱካን ስትልጪባት፣ የአዲስ ቀሚስሽን ምልክት ከአንገቱ ላይ ስትቆርጪባት፣ ማሽኑ ላይ የተጠመጠመ ክር ስታወጪባት? «ስለትሽን አምጪ» እያልሽ ከክፍል ክፍል ትጠሪኝ አልነበረም? ያን ጊዜ ጥፋት ያልነበረ ነገር አንቺን ካተረፈ በኋላ ነው ጥፋት የሆነው።

አዎ፣ አተረፍኩሽ። ቃሉን አንቺ ስለማትዪው እኔ ልበለው።

ረቡዕ ነበር፣ ጠዋት አራት ሰዓት ገደማ። ሙቀቱ አናት የሚበሳ ነበር። እኛ ሁላችን እጅጌያችንን እስከ ክርናችን ሰብስበናል፤ አንቺ ያንን ሰማያዊ ሻርፕ ሁለት ዙር አንገትሽ ላይ ጠምጥመሻል። ሳምንት ሆኖሽ ነበር ከጠመጠምሽው። ስንጠይቅሽ «ብርድ መቶኝ ነው» ትያለሽ። ማሽን አጠገብ ሻርፕ አይደረግም የሚለውን ማስታወቂያ ግድግዳው ላይ የለጠፍሽው አንቺ፣ ባለፈው ዓመት ሻርፕ ያደረገችዋን ልጅ ከበር የመለስሽው አንቺ።

መጠቅለያው ማሽን ላይ ጨርቁ ወደ አንድ ጎን ሄደ። ጣቃው ተጣሞ መጠቅለል ጀመረ። ልታቃኚው ጎንበስ አልሽ። እኔ ከቦንዳ መፍቻው በር ላይ ሆኜ ነበር የማይሽ፤ የሻርፑ ጫፍ ከጨርቁ ጋር አብሮ ሲገባ አይቻለሁ። እንዲያው ቀስ ብሎ፣ የራሱ ጉዳይ እንዳለው ሁሉ ገባ። ከዚያ ዘንጉ ያዘው።

አልጮህሽም። መጮህ አትችዪም ነበር። የጮኸችው ማሽኑ ላይ የምትሠራዋ ልጅ ናት፤ ቀዩን ቁልፍም የመታችው እሷ ናት፤ ዕድሜ ይስጣት። ግን ያ ማሽን ቁልፉ ከተመታ በኋላ ስድስት ሰባት ዙር ሳይዞር አይቆምም። ይጠገን ብለሽ ሦስት ጊዜ ጽፈሽበታል። ሦስት ጊዜም መልስ የሰጠሽ የለም።

ከበሩ እስከ አንቺ ሃያ እርምጃ ነው። እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። ፊትሽ ጠቁሯል፣ በእግር ጣቶችሽ ቆመሻል፤ ዓይንሽ እኔ ላይ ነው ግን አያየኝም። ሻርፑን በግራ እጄ ያዝኩት፤ እንደ ገመድ ወጥሯል። ሰንጢዋን በቀኝ እጄ ብቻ ከፈትኳት። ያ አሥራ አንድ ነገር ያለው ዕቃ ቢሆን ኖሮ በእጄ ያለው እኮ አሁን ይህን ደብዳቤ የምጽፍለት ሰው አይኖረኝም ነበር! የስለቷን ጀርባ ወደ አንገትሽ፣ ስለቷን ወደ እኔ አድርጌ በሻርፑና በቆዳሽ መሐል አስገባኋት። ወደ ራሴ ሳብኩ፤ አንድ ጊዜ ብቻ። ጨርቁ ተበጠሰ፤ አንቺ እላዬ ላይ ወደቅሽ፤ ሁለታችንም ወለሉ ላይ ተዘረጋን። ያን ቀን የደማ ሰው ቢኖር እኔ ነኝ፤ ሲሚንቶው ክርኔን ላጠው።

ሳልሽ፣ ሳልሽ፣ ትንፋሽሽ ተመለሰ። የመጀመሪያው ቃልሽ ምን ነበር? ውሃ አላልሽም። የእኔንም ስም አልጠራሽም። አንገትሽን በሁለት እጅሽ ሸፍነሽ «ሻርፔን! ሻርፔን ስጡኝ!» አልሽ። የፋብሪካው ሾፌር መጥቶ ከሴቶቹ ጋር አንስተው ወሰዱሽ። እኔ ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ ቀረሁ።

አርብ ዕለት ተመልሰሽ ስትመጪ አንገትሽ ላይ ሰፊ ፋሻ ነበር። ልስምሽ ስመጣ ፊትሽን አዞርሽ። ደክሟት ነው ብዬ አለፍኩት። እንዴት ያለሁ ሞኝ ነኝ!

ሰኞ ጠዋት ዲሲፕሊን ኮሚቴ ትፈለጊያለሽ ተባልኩ። ሊያመሰግኑኝ መሰለኝ፤ እውነቴን ነው። ፀጉሬን አስተካክዬ፣ ጋውኔን አራግፌ ገባሁ። ረጅሙ ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ሥራ አስኪያጁ፣ በጎኑ የሰው ኃይሏ ሴትዮ፣ ከእሷ ቀጥሎ አንቺ። ሰንጢዬ ጠረጴዛው መሐል ላይ በፌስታል ውስጥ ታሽጋ ተቀምጣለች፤ ሰው የገደለች ይመስል። ሴትዮዋ ወረቀቱን አነበበችው፦ «በግሏ ይዛ በገባችው ስለት የፈረቃ ኃላፊዋን አንገት ቆርጣ ጉዳት አድርሳለች።» እንደገና አንብቢልኝ አልኳት። አነበበችልኝ። ከዚያ ወረቀቱን ወደ እኔ አዙራ ፊርማሽን አሳየችኝ።

ያ ፊርማሽ ደግሞ! ያ ጭራው ወደ ላይ የሚወጣው። በልጅነታችን በአባዬ ጋዜጣ ጠርዝ ላይ ስትለማመጂው አጠገብሽ ቁጭ ብዬ የማይሽ እኔ ነበርኩ።

ዓይንሽን በጨው አጥበሽ ፊት ለፊቴ ተቀምጠሽ አንዴ እንኳ ቀና አላልሽም። የሻርፑ ነገር የለም፣ የማሽኑ ነገር የለም፣ ቀዩ ቁልፍ የለም። ያለው የእኔ ስለትና ያንቺ አንገት ብቻ ነው። ሥራ አስኪያጁ «የምትዪው ነገር አለሽ?» ሲለኝ በአፌ ሙሉ ነገር ነበረኝ። ደሜ ፈልቶ እስከ ጆሮዬ ወጥቶ ነበር። «የለኝም» አልኩት። ያን ጊዜ ነው ቀና ብለሽ ያየሽኝ። ግራ ገባሽ አይደል? ካደግኩ ወዲህ ዝም ብዬልሽ ስለማላውቅ።

መሰናበቻዬን እዚያው ሰጡኝ። ጥበቃው በሩን ሲከፍትልኝ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። ሰንጢዋን አልመለሱልኝም፤ ማስረጃ ናት አሉ።

ሳስበው ይህ አዲስ ነገር አይደለም። የአባዬን ሬዲዮ ከመደርደሪያው የጣልሽው አንቺ፣ የተገረፍኩት እኔ። ስድስት ዓመቴ ነበር። «እሷ ናት» ስትዪ ጣትሽ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። ያኔም ዝም አልኩ፤ ለምን ብትዪ ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት አንቺ ተገርፈሽ ስለነበር። አስቢው እስኪ፤ የስድስት ዓመት ልጅ ተራ ስትጠብቅ! ተራው ግን የእኔ ብቻ ሆኖ ቀረ።

እማዬ በበነጋው ደወለች። ማን እንደነገራት አልጠይቅሽም። «እንዴት ብለሽ ነው እህትሽ ላይ ስለት የምታነሺው? ከእኔ ማኅፀን የወጣሽ ነሽ?» አለችኝ። እያለቀሰች ነበር። አጠገቧ ሆኜ እግሯ ላይ ብወድቅ በወደድኩ። እውነቱን አንድ ቃል ብነግራት ኖሮ ግን ሁሉንም መንገር ሊኖርብኝ ነው፤ እሱን ደግሞ የምትነግሪያት አንቺ እንጂ እኔ አይደለሁም። «ይቅር በዪኝ እማዬ» አልኳት። ላላጠፋሁት! ይህንንም ጻፊልኝ፤ አንድ ቀን እጠይቅሻለሁ።

በገዛ ራሴ እስክጠራጠር አደረሳችሁኝ። ሁለት ቀን ሙሉ እጄን እያየሁ ምናልባት ነክቻት ይሆን አልኩ። በመጨረሻ ጋሽ ሞረድ ጋ ሄድኩ። ሁሉንም አልነገርኳቸውም፤ በዚህች ዓይነት ሰንጢ ከሰው አንገት ላይ የተወጠረ ጨርቅ ብቆርጥ ሰውየውን ልቆርጠው እችላለሁ ወይ ብዬ ብቻ ጠየቅኳቸው። ለምሳቸው የያዙትን የበሰለ ቲማቲም አወጡ፤ ዙሪያውን በቁራጭ ጨርቅ ጥብቅ አድርገው አሰሩት፤ እንደ ጥቁሯ ያለችውን ከፍተው «በይ እንደ ቆረጥሽው ቁረጪው» አሉኝ። ጀርባዋን ወደ ቲማቲሙ፣ ስለቷን ወደ እኔ። ሳብኩ። ጨርቁ ለሁለት ሆነ። ቲማቲሙን ወደ መስኮቱ ወስደው አገላብጠው አዩት፤ ለእኔም ሰጡኝ። ጭረት እንኳ የለበትም። «ማን ነው ቆረጠችኝ ያለሽ?» አሉኝ። ቲማቲሙን መለስኩላቸው፤ እሳቸውም ለሁለት ከፍለው ጨው ነስንሰው ግማሹን ሰጡኝ። በልቼው ወጣሁ። አዲስ ግዢ አላሉኝም፤ እኔም አልገዛሁም።

እንግዲህ እትዬ፣ ሰንጢዬ አንቺን አልነካችም። ይህን እኔ አውቃለሁ፣ አንቺም ታውቂያለሽ። አሁን ደግሞ አንቺ የማታውቂውን ልንገርሽ።

ሻርፑ ሲበጠስ ከሥሩ ያለውን አይቼዋለሁ። ከጆሮሽ በታች ነው። አራት ማዕዘን ነጭ ፕላስተር፣ በሥርዓት የተለጠፈ፤ የባለሙያ እጅ ሥራ። አዲስም አልነበረም፤ ጠርዙ ላይ የሻርፑ ሰማያዊ ክር ተጣብቆበት ነበር። ፕላስተሩ ሥር ደግሞ አንገትሽ አብጦ እንደ ድሮው አልነበረም። ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ሲያነሱሽ ከጋውንሽ ኪስ ብዕርሽ፣ ፊሽካሽ እና አንዲት ጠንካራ ካርድ ወደቁ። ብዕሩንና ፊሽካውን ለማሽኗ ልጅ ሰጠኋት። ካርዷን ግን አነበብኳት። ማንበብ አልነበረብኝም፤ አነበብኳት። ሁለተኛ ፎቅ፣ ክፍል ዘጠኝ፣ የፊታችን ማክሰኞ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት። ከላይ የተጻፈውን የክፍሉን ስም እዚህ አልደግመውም። ጠፋ ብለሽ ቤቱን ስታገላብጪው ከርመሽ እንደሆነ፣ ካርድሽ እኔ ጋ ናት። ኮሚቴው ፊት ቆሜ «የለኝም» ስል ኪሴ ውስጥ ነበረች፤ ጣቴ በላይዋ ላይ ነበር።

አሁን ገባሽ?

የጨርቅ ቆራጩንም አልረሳሁትም። ያ ቀልደኛው፣ ረጅሙ። ከሐኪም ወረቀት ይዞ የመጣ ቀን «አይዞህ፣ እስኪሻልህ ዕረፍት ውሰድ» ብለው ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። በሳምንቱ የልብስ ሳጥኑ ላይ የሌላ ሰው ስም ተለጠፈ። ሲሻለው ተመልሶ መጥቶ ከበር ነው የመለሱት። አንቺ ያን ቀን ምሳሽን አልበላሽም። ልጅሽ ደግሞ ትምህርቷን ለመጨረስ ገና አንድ ዓመት ይቀራታል። ይህን ሁሉ እኔ አላውቅም ብለሽ ነው? ሰው ሳይጠይቅ የሚያልፈው ቁስል ያስፈልግሽ ነበር፤ ባለቤት ያለው ቁስል። ባለቤት ስትፈልጊ እኔን አገኘሽ።

ያናደደኝ እሱ አይደለም። ወይም እሱም አናዶኛል፣ በጣም አናዶኛል፤ ገና ለብዙ ዓመት እጨቃጨቅሻለሁ። አንጀቴን ያሳረረው ግን ሌላ ነው። አጠገቤ ሆነሽ ሻርፕ ጠምጥመሽ «ብርድ መቶኝ ነው» ያልሽው! አምና ለአንድ ጉንፋን «ሞትኩ» ብለሽ ሾርባ አሠርተሽኝ የለም? ለዚህኛው ነው ዝም የምትዪው? ሥራዬን ከምትወስጂ ብትጠይቂኝ ኖሮ እኮ እሰጥሽ ነበር። ኮሚቴ ምን ያደርጋል? ወረቀት ምን ያደርጋል? በር አንኳኩተሽ «እንዲህ ሆኛለሁ፣ እንዲህ ልል ነው፣ ቻዪኝ» ብትዪኝ ተሳድቤ ተሳድቤ እሺ እልሽ ነበር።

በካርዷ ላይ ከቀጠሮው ሥር በትልቁ «ብቻዎን አይምጡ» ይላል። ከእሱ ዝቅ ብሎ አብሮሽ የሚመጣው ሰው ስም የሚሞላበት መስመር አለ። ባዶ ነው። ቀጠሮው ከተጻፈ ሦስት ሳምንት አልፎታል፤ ባዶ ነው! ማንን ልታመጪ ነበር? ልጅቷን? ወይስ እዚያ በር ላይ ቆመሽ መንገደኛ ልትለምኚ?

ሞላሁት። በእኔ አስቀያሚ ጽሕፈት ስሜን ጻፍኩበት፤ «ዝምድና» በሚለው ቦታም እህት ብዬ ሞላሁ። በእስክሪብቶ ነው፤ አይጠፋም። ማክሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ በርሽ ላይ ነኝ። ሻርፕ ከፈለግሽ ሌላ ገዝቼልሻለሁ፤ ቡኒ ነው፤ ማሽን አጠገብ እንዳታደርጊው። በመንገድ ላይ አናወራም፤ አኩርፌሻለሁ። እዚያ ስንደርስ ሐኪሙ የሚለውን እኔ እሰማለሁ፣ እኔ እጽፋለሁ፤ አንቺ ስትደነግጪ ምንም እንደማትሰሚ አውቃለሁ። ስንመለስ እማዬ ጋ አብረን እንገባለን፤ የምትነግሪያት አንቺ ነሽ፤ እኔ ጎንሽ እቀመጣለሁ።

አትምጪ ብለሽ እንዳትልኪብኝ። የሚያግደኝ ፈረቃ የለኝም፣ ፈቃድ የምጠይቀው አለቃም የለኝም። ሥራ የለኝም፤ ለዚህም አንቺን አመሰግናለሁ። ያለኝ ጊዜ ነው፤ ማክሰኞም፣ ከማክሰኞ በኋላ ያሉትም ቀናት ሁሉ።

ልጅሽን ሳሚልኝ። ፈጣሪ ጉልበትሽን ይያዝልሽ፤ ትንፋሽሽን አያሳጥረው፤ ዕድሜሽን ከእኔ ዕድሜ ቀንሶም ቢሆን ይጨምርልሽ፤ የእኔን ምርቃት ደግሞ አቋርጠሽ «ተይ እንዲህ አትበዪ» እንዳትዪኝ። ተናድጄ ሳልጨርስ የትም እንዳትሄጂ።

ያኮረፈችሽ ታናሽ እህትሽ